የተመሳሳይነት ቁጥርና ትርጓሜው፤ በምዕራብ ጎጃም ከሚጻፉ ጽሑፎች አንጻር

በዛሬው ጊዜ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ለፈታኞች በሚቀርብበት ጊዜ ከጽሑፉ ጋራ አንድ ቁጥር አብሮ መቅረቡ እየተለመደ ሄዷል። ይህ ቁጥር የተመሳሳይነት መጠን የሚባለው ሲሆን፥ የቀረበው ጽሑፍ አስቀድመው ከተጻፉ ጽሑፎች ጋራ ከመቶ ስንት እጅ እንደሚገጥም ኮምፒዩተር አስልቶ የሚያወጣው ነው። የሚፈቀደው ወሰን በየትምህርት ቤቱ ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ ግን ከመቶ 15 እስከ 30 ባለው መካከል ይደነገጋል። ቁጥሩ ከወሰኑ በላይ የሆነበት ተማሪ ጽሑፉ ይመለስበታል፤ ከዚያም አልፎ በጽሑፍ ስርቆት ሊጠረጠር ይችላል። ከወሰኑ በታች የሆነለት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይጠየቅ ያልፋል።

ነገሩ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ አካባቢ ለሚነሡ ተማሪዎች የሩቅ ነገር አይደለም። በፍኖተ ሰላም የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አለ፤ በቡሬም የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ይገኛል። የአገሩ ተወላጆች ወደ ከፍተኛ ዲግሪ በሚሸጋገሩበት ጊዜ የጥናታቸውን ርእስ ብዙ ጊዜ ከሚያውቁት አገር ይመርጣሉ፤ ስለ ጃቢ ጠህናን የጋብቻ ሥርዐት፥ ስለ ቡሬ ገበያ፥ ስለ ወንበርማ ገበሬዎች ደቦ ይጽፋሉ። እንግዲህ ስለ ባላገሩ ኑሮ የተጻፈ የአማርኛ ጽሑፍ፥ በመጀመሪያ ለእንግሊዝኛ ድርሰት ታስቦ በተሠራ መሣሪያ ሲመዘን የሚወጣው ቁጥር ምን ማለት እንደ ሆነ መመርመር ይገባል። በዚህ ቁጥር ላይ የአንድ ሰው የብዙ ዓመት ድካምና ስም ተንጠልጥሏልና።

አገሩ ራሱ ለዚህ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። የጎጃም ቅኔ መምህራን የሰውን ቃል የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር መሆኑን፥ ሆኖም ነውር ያልሆነ መመሳሰልም መኖሩን፥ በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲ ከመቋቋሙ ብዙ ዘመን አስቀድመው ለይተው ያውቁ ነበር። አለያየታቸው ዛሬም ሊጠቅም ስለሚችል፥ ስለ መሣሪያው አሠራር ከተነገረ በኋላ በስፍራው ይብራራል።

ቁጥሩ እንዴት እንደሚወጣ

ለዚህ አገልግሎት ከተሠሩት መሣሪያዎች መካከል በዓለም ላይ ይበልጥ የታወቀው ተርንኢቲን የተባለው ነው፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ አገር የተመሠረተ ነው። መሣሪያው የቀረበለትን ጽሑፍ ከሦስት ዐይነት ክምችት ጋራ ያስተያያል፤ በኢንተርኔት ላይ በግልጥ ከሚገኙ ጽሑፎች፥ ከአሳታሚዎች በስምምነት ከሚያገኛቸው መጽሔቶችና መጻሕፍት፥ ተማሪዎች ቀደም ብለው በዚያው በመሣሪያው በኩል ካስገቧቸው ድርሰቶች። ከዚያ በኋላ የገጠመው ቃል ብዛት ከጽሑፉ ጠቅላላ ቃል ብዛት ከመቶ ስንት እንደ ሆነ ይሰላል። 10,000 ቃል ካለው ጽሑፍ 2,000 ቃል ከሌላ ስፍራ ቢገጥም ቁጥሩ ከመቶ 20 ይሆናል ማለት ነው።

ይህ 2,000 ቃል ከ40 ልዩ ልዩ ጽሑፎች 50፥ 50 ቃል ሆኖ የተገኘ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከአንድ ሰው መጽሐፍ እንዳለ የተነሣ አንድ ምዕራፍ ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ጊዜ ቁጥሩ 20 ነው። እንደዚሁም 100 ገጽ ካለው ጽሑፍ አንድ ገጽ ቃል በቃል ቢሰረቅ፥ ቁጥሩ ከመቶ 1 ብቻ ይሆናል።

በመግለጫው ላይ ቁጥሩ በቀለም ታጅቦ ይወጣል። ምንም ያልገጠመው ሰማያዊ፥ ከአንድ ቃል ጀምሮ ከመቶ እስከ 24 የሆነው አረንጓዴ፥ ከ25 እስከ 49 ቢጫ፥ ከ50 እስከ 74 ብርቱካናማ፥ ከ75 እስከ 100 ቀይ ነው። ቀለሞቹ የብዛት ምልክት ናቸው እንጂ የጥፋት ደረጃ አይደሉም። ነገር ግን አረንጓዴና ቀይ በጎዳና መብራት ላይ ያላቸው ትርጉም በሰው ልብ ውስጥ ስላለ፥ አረንጓዴውን «እለፍ»፥ ቀዩን «ቁም» ብሎ የሚያነበው ሰው ቀላል አይደለም። ምርጫው እንግዲህ መልካም አልነበረም።

መግጠም የሚባለው ነገር ምን እንደ ሆነ ለመረዳት ቀላሉ መንገድ አንድ ዐረፍተ ነገር በየሦስት ቃሉ ቈርጦ ማየት ነው። «የቡሬ ወረዳ ገበሬ በክረምት በቆሎ በመስኖ ድንች ያመርታል» የሚለው ዐረፍተ ነገር 8 ቃል አለው። «የቡሬ ወረዳ ገበሬ»፥ «ወረዳ ገበሬ በክረምት»፥ «ገበሬ በክረምት በቆሎ» እየተባለ እርስ በርሱ የሚደራረብ ቍራጭ ቢወጣለት በጠቅላላው 6 ቍራጭ ይሆናል። ሌላ ጸሓፊ ያንኑ ዐረፍተ ነገር ወስዶ «በክረምት» በማለት ፈንታ «በክረምቱ» ብሎ ቢጽፍ፥ ቃሉ የሚገኝባቸው 3 ቍራጮች በሙሉ ይለወጣሉ፤ የሚገጥሙት 3 ብቻ ይሆናሉ። በአንዲት ፊደል ለውጥ ተመሳሳይነቱ ከመቶ ወደ ኀምሳ ወረደ፤ የነገሩ ሐሳብ ግን ከስፍራው አልተነቃነቀም።

በሚሊዮን የሚቈጠሩ ጽሑፎችን ቍራጭ በቍራጭ ማስተያየት ለኮምፒዩተርም ከባድ ስለ ሆነ፥ ከቍራጮቹ ጥቂቶቹን ብቻ መርጦ ማስቀረት አስፈልጓል። ሶል ሽላይመር፥ ዳንኤል ዊልከርሰንና አሌክስ አይከን የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ዘዴ የታወቀ ነው፤ ስሙንም የወሰዱት እህልን በነፋስ ከገለባ ከመለየት ሥራ ነው። በዚህ ዘዴ ጽሑፉ በተወሰነ የፊደል ብዛት ወደ ተደራራቢ ቍራጮች ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱም ቍራጭ ቁጥር ይሰጠዋል። ለምሳሌ የ5 ቍራጮች ቁጥር በተራ 64፥ 31፥ 85፥ 12፥ 49 ነው እንበል። በየሦስቱ ስናያቸው ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ትንሹ 31 ነው፤ ከሚቀጥሉት ሦስት 12 ነው፤ ከመጨረሻዎቹም ሦስት ያው 12 ነው። ስለዚህ 31ና 12 የጽሑፉ አሻራ ሆነው ይቀመጣሉ፤ የቀሩት ይጣላሉ። ሁለት ጽሑፎች በቂ ርዝመት ያለው አንድ ዐይነት ንባብ ካላቸው፥ ከዚያ ንባብ ቢያንስ አንድ አሻራ በሁለቱም ዘንድ መገኘቱ አይቀርም። የዘዴው ብልሃት በዚህ ላይ ነው።

የጎጃም ገበሬ በአውድማው ላይ የተወቃውን እህል በመንሽ ሽቅብ ሲበትን፥ ነፋሱ ገለባውን ወስዶ ፍሬውን ያስቀርለታል። ስሙ ከዚህ ሥራ ቢወሰድም ሁለቱ አንድ አይደሉም። ገበሬው የሚያስቀረው የሚበላውን ነው፤ ኮምፒዩተሩ የሚያስቀረው ግን ትንሽ ቁጥር የደረሰውን ቍራጭ ነው። በዚያ ቍራጭ ላይ የጥናቱ ዋና ሐሳብ ይኑርበት ወይም «ከዚህ በላይ እንደ ተገለጸው» የሚል ተራ አነጋገር፥ ለመሣሪያው ልዩነት የለውም። በገበያ ላይ ያሉት መሣሪያዎች እያንዳንዳቸው የሚሠሩበት ዝርዝር በሙሉ ለሕዝብ የተገለጸ ባይሆንም፥ ንባብን ከንባብ የሚያስተያዩት በመልክ ነው እንጂ በምሥጢር አይደለም የሚለው የአብዛኞቹ ጠባይ ነው።

የአማርኛ ጽሕፈት ጠባይ

እስከዚህ የተባለው ለማንኛውም ቋንቋ ይሠራል። በአማርኛ ላይ ግን ሌላ ችግር ይጨመራል። በአማርኛ አነባበብ ሀ፥ ሐና ኀ፤ ሠና ሰ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ በድምፅ አይለዩም። በኮምፒዩተር ዘንድ ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ያለው ሌላ ምልክት ነው። «ፀሐይ» የሚለው ቃል በሁለቱ ጸና በሦስቱ ሀ ብቻ በ6 መንገድ ሊጻፍ ይችላል፤ ራብዑ ፊደል ሲጨመርበት ደግሞ መንገዱ 12 ይሆናል። በ1948 ዓ.ም. የታተመውን የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት ተከትሎ ፊደሉን እንደ ግእዙ ሥር የሚለይ ጸሓፊና ፊደሉን እንደ መጣለት የሚጽፍ ጸሓፊ አንዱን ገጽ ቃል በቃል ቢገለብጡት፥ የድምፅ ተመሳሳዮችን አስቀድሞ ወደ አንድ የማይመልስ መሣሪያ ብዙውን ስፍራ የተለያየ ጽሑፍ አድርጎ ይቈጥረዋል። ስለዚህ ሰርቆ ለመሰወር የፈለገ ሰው ብዙ መድከም አያስፈልገውም፤ ሠን በሰ፥ ዐን በአ እየለወጠ መሄድ ይበቃዋል።

የቃል አከፋፈልም እንዲሁ ነው። «ቤተ ክርስቲያን» ለአንዱ ሁለት ቃል ሲሆን ለሌላው «ቤተክርስቲያን» ተብሎ አንድ ቃል ነው፤ «እንደ ሆነ» እና «እንደሆነ»ም እንደዚሁ። በቀድሞው ልማድ ቃሉ ሁሉ በሁለት ነጥብ ተለይቶ የተጻፈ እንደ ሆነ ደግሞ፥ ሁለት ነጥቡን እንደ ክፍት ስፍራ በማይቈጥር መሣሪያ ዘንድ ዐረፍተ ነገሩ በሙሉ አንድ ረዥም ቃል ይሆናል። በዚህም ላይ አማርኛ በአንድ ቃል ፊትና ኋላ ብዙ ነገር ይጭናል። «ገበሬ»፥ «ገበሬው»፥ «ለገበሬውም»፥ «ከገበሬዎቹ» ለአንባቢ የአንድ ሥር ልጆች ናቸው፤ ለመሣሪያው ግን አራት የማይተዋወቁ ቃሎች ናቸው።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን የክምችቱ ነገር ነው። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ፥ ማለት በዓለም ኮምፒዩተሮች የጋራ የፊደል ሠንጠረዥ ውስጥ፥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፥ ከዚያም ወዲህ ለብዙ ዓመታት፥ የአማርኛ ጽሑፍ ይተየብ የነበረው ቪዥዋል ግእዝንና ፓወር ግእዝን በመሳሰሉ፥ የግእዙን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቁጥር ላይ በሚያስቀምጡ ስልቶች ነበር። በእነዚህ የተጻፈ የመመረቂያ ጽሑፍ ለዐይን ጥሩ አማርኛ ነው፤ መሣሪያው ሲያነበው ግን የላቲን ፊደልና የሥርዐተ ነጥብ ዝብርቅርቅ ሆኖ ያገኘዋል። ከወረቀት በፎቶግራፍ መልክ ብቻ የተነሣ ጽሑፍም ፊደሉ ተለይቶ ካልተነበበ በቀር ሥዕል ነው እንጂ ንባብ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎችን በኢንተርኔት የሚያስነብብ ክምችት አዘጋጅቷል፤ አገር አቀፍ የሆነ የትምህርታዊ ጽሑፎች ክምችትም ተጀምሯል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1950 በተቋቋመው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ስለየትውልድ አገራቸው ልማድ ከጻፉት ጀምሮ፥ በየኮሌጁ መደርደሪያ ላይ በአቧራ የተሸፈነው የተግባራዊ ምርምር ጥራዝ ሁሉ፥ በንባብ መልክ ወደ ክምችቱ እስካልገባ ድረስ ለመሣሪያው እንዳልተጻፈ ነው። ከዚያ የሚሰርቅ ሰው ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይወጣለታል።

ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ ተርጕሞ እንደ ራሱ ያቀረበም ሰው፥ የሁለት ቋንቋዎችን ንባብ የሚያስተያይ ልዩ መሣሪያ ካልገጠመው በቀር አይያዝም። በዩኒቨርሲቲዎች አካባቢ በክፍያ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ሰዎች መኖራቸው የታወቀ ነው። እነዚህ አዲስ አድርገው የሚጽፉት ጽሑፍ የተመሳሳይነት ቁጥሩ ወደ ባዶ የተጠጋ ይሆናል፤ በጥፋት ግን ከሁሉ የከፋው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ በሰው ሠራሽ አእምሮ የተጻፈ ጽሑፍን ለይቻለሁ የሚል ሌላ ቁጥር በተርንኢቲን ላይ ተጨምሯል። ይህ ግን ከተመሳሳይነት ቁጥር ፈጽሞ የተለየ ነው፤ የተመሳሳይነቱ ቁጥር የገጠመውን ምንጭ ከጎኑ አስቀምጦ ያሳያል፥ ይኸኛው ግን ግምት ብቻ ነውና ሁለቱን መደባለቅ አይገባም።

ስለ አገር ልማድ የሚጻፉ ጽሑፎች ጠባይ

መሣሪያው ሌባውን ማሳለፉ አንዱ ጉድለት ነው፤ ንጹሑን መያዙ ደግሞ ሌላው ነው። ይህ ሁለተኛው በተለይ ስለ ሕዝብ ልማድ በሚጽፉ ተማሪዎች ላይ ይበረታል።

ስለ ምዕራብ ጎጃም የሚጻፍ ጥናት ሁሉ የጥናቱን ስፍራ በሚገልጽ ክፍል ይጀምራል። ፍኖተ ሰላም የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ መሆንዋን፥ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ መገኘትዋን፥ በዙሪያዋ ያለው ወረዳ ጃቢ ጠህናን መባሉን፥ አገሩ በቆሎ፥ ጤፍ፥ ስንዴና በርበሬ ማብቀሉን የማይናገር የለም። የሕዝቡ ቁጥር ደግሞ በ1999 ዓ.ም. ከተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ይወሰዳል፤ ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደምና ሁሉም ወደዚያው ይመለሳል። ይህን ሁሉ ለመናገር አማርኛ የሚሰጠው መንገድ ጥቂት ነው። «የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ» የሚለውን አራት አምስት ቃል ለውጦ ለመጻፍ የሚታገል ተማሪ ጽሑፉን ያበላሻል እንጂ ሐቀኛ አይሆንም።

ስለ ደቦና ስለ ወንፈል የሚጽፉትም እንዲሁ ናቸው። ደቦ ጎረቤት ተሰብስቦ የአንዱን ሰው ሥራ ባንድነት የሚሠራበት፥ ወንፈል ደግሞ በተራ ጕልበት የሚበዳደሩበት ልማድ መሆኑን ሳይናገር ወደ ነገሩ መግባት አይቻልም። ትርጓሜውም አጭር ስለ ሆነ ቃሉ ይገጥማል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የነጋሪዎች ቃል ነው። ሁለት ተማሪዎች በልዩ ልዩ ዓመት ወደ ቡሬ ገጠር ሄደው ስለ ሠርግ ሽማግሌዎችን ቢጠይቁ፥ የምርቃቱ ቃል፥ የሽምግልናው አነጋገር፥ ተረትና ምሳሌው በሁለቱም ዘንድ አንድ ሆኖ ይመጣል። ልማድ ልማድ የሚያሰኘው ይኸው መደጋገሙ ነው። ነጋሪዎቹ ያሉትን ሳይለውጥ በቃሉ የጻፈ ተማሪ የሥነ ሕዝብ ጥናት የሚጠይቀውን ፈጸመ፤ በመሣሪያው ዘንድ ግን ከቀደመው ተማሪ ገልብጧል ተብሎ ይቀላበታል። ይህን የፈራ ሁለተኛ ተማሪ ቁጥሩ ዝቅ እንዲልለት የሽማግሌዎቹን ቃል በገዛ ራሱ አነጋገር እየለወጠ ቢጽፍ፥ ቁጥሩ ይድናል፤ ማስረጃው ግን ይጠፋል። ከመቶ ጥቂት እጅ ለማዳን ሲባል የባላገሩ ቃል በከተማ አማርኛ ተተካ ማለት ነው። ለዚህ ዐይነቱ ጥናት ከዚህ የሚከፋ ጕዳት ማግኘት ያስቸግራል።

በአንጻሩ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ለሰዓታት የተናገሩትን የአገር ታሪክ ስማቸውን ሳይጠራ የራሱ ምርመራ አስመስሎ ያቀረበ ሰው በቁጥሩ አይነካም። የሽማግሌው ቃል በየትም ክምችት ውስጥ የለምና።

የጸሓፊዎችና የቅኔ ቤት ልማድ

በጎጃም አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ሁለት ዐይነት የጽሑፍና የቃል ሙያ አብረው ኖረዋል፤ መመሳሰልን የሚያዩበት ዐይን ግን ተቃራኒ ነው።

መጻሕፍትን በብራና የሚገለብጥ ጸሓፊ መቶ ኀምሳውን መዝሙር ሲጽፍ፥ ከናሙናው አንዲት ፊደል ቢያጐድል ወይም ቢጨምር ጥፋት ነው። የእርሱ ሥራ የሚመሰገነው ከመቶ መቶ ሲገጥም ነው። የድጓ ተማሪም ከመምህሩ መጽሐፍ የራሱን ይጽፋል፤ ጽሑፉና ምልክቱም ከመምህሩ ጋራ እስኪስማማ ይታረማል። እዚህ ላይ «ሰረቀ» የሚል ቃል ስፍራ የለውም፤ ማንም የዳዊትን መዝሙር የጸሓፊው ድርሰት ነው ብሎ አይሳሳትምና።

በቅኔ ቤት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ከሁለቱ ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንቱ ቤት መወድስ ድረስ ተማሪው ቅኔውን በቆጠራ ጊዜ ብቻውን ያዘጋጃል፤ ከዚያም ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያቃናለታል። አንድ ጊዜ በማኅሌት የተባለ ቅኔ የባለቤቱ ነው፤ ሌላው የራሱ አስመስሎ ቢለው ያፍርበታል። በዚህ ላይ አንድ የቃል ነገር ልብ ማለት ያሻል። በቅኔ ቤት «ዘረፋ» የሚባለው፥ ተማሪው ከልቡ እያፈለቀ አዲስ ቅኔ ማውረዱ ነው። በዛሬው የትምህርት ቤት አነጋገር ግን «የጽሑፍ ዘረፋ» ሲባል የሌላውን ድካም መንጠቅ ሆኗል። አንዱ ቃል ለአዲስ ፈጠራም ለስርቆትም ማገልገሉ ለአማርኛ ተመራማሪ የሚያስደስት ነገር ነው፤ የቅኔውን ቤት አነጋገር ለማያውቅ ሕግ አርቃቂ ግን መሳሳቻ ሊሆን ይችላል።

የቅኔ መምህር የጋራ የሆነውንና የግል የሆነውን ይለያል። ግሱ የጋራ ነው፤ አገባቡም የጋራ ነው፤ ከመጻሕፍት የሚወሰደው ታሪክ፥ የዜማው ልክ፥ ቤት የሚመታበት ፊደል የማንም ገንዘብ አይደለም። የዮናስን ወይም የሶምሶንን ታሪክ ሰም አድርገው የተቀኙ ስፍር ቁጥር የላቸውም፤ በዚህ ማንም አልተከሰሰም። የተማሪው የራሱ ሊሆን የሚገባው ሰሙን ከወርቁ ያጋጠመበት ምሥጢር ነው። እንደዚሁም ከዋሸራ የወጣ ባለ ቅኔ የዋሸራን መንገድ፥ ከጎንጅ የወጣው የጎንጅን መንገድ ይዞ ቢቀኝ መምህሩ ታወቀበት ይባላል እንጂ ሰረቀ አይባልም።

ስለዚህ መምህሩ የሚፈትነው ቃል በመቍጠር አይደለም። ሰሙ ምን እንደ ሆነ፥ ወርቁ ወዴት እንዳለ፥ ግሱ ከምን እንደ ወጣ፥ አገባቡ ለምን እንደዚያ እንደ ገባ ይጠይቃል። ቅኔውን ያፈለቀው ተማሪ ይመልሳል፤ በቃሉ ብቻ የያዘው ግን ከሁለተኛው ጥያቄ በኋላ ይታወቅበታል። ቃሎቹን ሁሉ ለውጦ የሰው ምሥጢር ያቀረበ ተማሪም በዚህ መንገድ ይያዛል፤ ከላይ እንደ ታየው ኮምፒዩተር ሊይዘው የማይችለው ይህን ነበር። እርግጥ የመምህሩም ትዝታ ወሰን አለው። በሩቅ ደብር የተባለውን፥ እርሱ ያልሰማውን ቅኔ አያውቅም፤ በዚህ በኩል መሣሪያው ይበልጠዋል። ሁለቱ ጉድለቶች የማይገናኙ ስለ ሆኑ አንዱ የሌላውን ሊሞላ ይችላል።

መግለጫውን ስለ ማንበብ

ለምሳሌ ያህል ሁለት ጽሑፎች ይታሰቡ፤ እያንዳንዳቸው 12,000 ቃል አላቸው። የመጀመሪያው ቁጥር ከመቶ 31 ነው። መግለጫው ሲከፈት 9ኙ የዋቢ መጻሕፍት ዝርዝር፥ 6ቱ የጥናቱ ስፍራ መግለጫ፥ 4ቱ የሕግና የመሥሪያ ቤት ስሞች፥ 8ቱ በትእምርተ ጥቅስ የተቀመጠ የነጋሪዎች ቃል፥ የቀሩት 4ቱ በየስፍራው የተበተኑ ተራ አነጋገሮች ሆነው ይገኛሉ። የሁለተኛው ቁጥር ከመቶ 7 ነው። ከዚህ ውስጥ 5ቱ፥ ማለት 600 ቃል፥ ከአንድ ሰው ጥናት ምንጩ ሳይጠቀስ በተከታታይ የተወሰደ የመደምደሚያ ሐሳብ ነው። ወሰኑ ከመቶ 20 በሆነበት ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ይመለሳል፤ ሁለተኛው ያልፋል። ቁጥሩን ብቻ ማየት ፍርዱን እንዲህ አድርጎ ይገለብጠዋል።

ከዚህም ሌላ ተማሪው አስቀድሞ ያስገባው ረቂቅ በክምችቱ ውስጥ ቀርቶ እንደ ሆነ፥ የተስተካከለው ጽሑፍ ከገዛ ራሱ ረቂቅ ጋራ ሊገጥምና ቁጥሩ ከመቶ ወደ 100 ሊጠጋ ይችላል። ይህን ለማወቅ የገጠመው ምንጭ ምን እንደ ሆነ ማየት ብቻ ይበቃል፤ ቁጥሩን አይቶ የደነገጠ ሁሉ ግን እስከዚያ አይደርስም። ቁጥሩ ከቀን ወደ ቀንም ይለወጣል። ክምችቱ ባደገ ቁጥር ያው ጽሑፍ ዛሬ 12፥ ከዓመት በኋላ 17 ሊሆን ይችላል። ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላውም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የመሣሪያው ስምና ምርመራው የተደረገበት ቀን ሳይጻፍ ቁጥር ብቻ መጻፍ ከንቱ ነው።

ገምጋሚው መምህር በመጀመሪያ የዋቢዎቹን ዝርዝርና በትክክል የተጠቀሰውን ቃል ከስሌቱ ማውጣት አለበት፤ መሣሪያዎቹ ይህን የሚፈቅድ ምርጫ አላቸው። ቀጥሎ የቀረው በብዙ የተበተነ ወይም ከአንድ ምንጭ የተነሣ መሆኑን ይመለከታል። ከዚያም ስፍራውን ይለያል፤ በጥናቱ ስፍራ መግለጫ ላይ የተገኘ መግጠምና በግኝቱ ክፍል ላይ የተገኘ መግጠም አንድ ዋጋ የላቸውም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ምንጩንና የደራሲውን ስም በመግለጽ በተገቢ መጠን መጥቀስን ስለሚፈቅድ፥ የተጠቀሰ ቃል በብዛቱ ብቻ ጥፋት ሊባል አይችልም። በመጨረሻም ተማሪው ራሱ ይጠየቃል፤ ይህ ከነገራው የሚመጣ ልማድ ነውና ለጎጃም ተማሪ እንግዳ አይሆንበትም።

ለኮሌጆቹ የሚቀረው ሥራ ከኮምፒዩተሩ በፊት የሚሠራ ነው። በየመደርደሪያው ያሉት የአማርኛ ጥራዞች በዩኒኮድ ፊደል እንደ ገና ቢተየቡ፥ ወይም የቀድሞዎቹ ፋይሎች ቢለወጡ፥ ከምርመራም አስቀድሞ የድምፅ ተመሳሳይ ፊደሎችና ሁለት ነጥቡ ወደ አንድ መልክ ቢመለሱ፥ ቢያንስ የአገሩ ጽሑፍ ከአገሩ ጽሑፍ ጋራ ሊተያይ ይችላል። ፊደሎቹን ወደ አንድ የሚመልሰው ሥራ ለኮምፒዩተር ባለሙያ የጥቂት ቀን ሥራ ነው፤ መተየቡ ግን የዓመታት ነው። ጥራዞቹ በወረቀት ዘመን የተጻፉ ስለ ሆነ የጸሓፊዎቹ ፈቃድ መጠየቁም አይዘነጋ።

በአገር ልማድ ላይ የሚጽፍ ተማሪ ደግሞ የመስክ ማስታወሻውን ከጽሑፉ ጋራ እንዲያስረክብ ማድረግ ይቻላል። በማስታወሻው ላይ ነጋሪው የተገኙበት ቀበሌ፥ ዕለቱ፥ ዕድሜያቸው፥ ስማቸው እንዲጠራ መፍቀዳቸውና አለመፍቀዳቸው፥ የተናገሩትም ቃል በአነጋገራቸው ይጻፋል። ሁለት ተማሪዎች በሠርግ ምርቃት ላይ አንድ ቃል ጽፈው በተገኙ ጊዜ ገምጋሚው ሁለቱን ማስታወሻዎች ጎን ለጎን ይዘረጋል። የአንዱ ነጋሪ ከጃቢ ጠህናን፥ የሌላው ከቡሬ ዙሪያ ሆነው ቀኑም ከተለያየ፥ መግጠሙ ራሱ ስለ ልማዱ ስፋት የተገኘ አዲስ ማስረጃ ይሆናል፤ ሁለተኛው ተማሪ ማስታወሻ ከሌለው ግን የሚጠየቀው እርሱ ነው።